ገመዱን ማን ይዞታል?

በ2011 ዓ.ም. ጥር ማለቂያ ላይ አክስቴ ከገጠር ደወለችልኝ። አክስቴ ስልክ የምትደውለው ሰው ሲሞት ወይም በሬ ሲታመም ብቻ ነውና ደንግጬ አነሣሁት። ሰውም በሬም ደኅና ነበሩ። «ሰማይ ድንበሬን በላብኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ጨሞጋን ተሻግሮ ባለ መንደር ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ጥማድ የማይሞላ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች ነው ኑሮዋን የምትገፋው። መሬቱ በላይ በኩል ከጎረቤቷ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ በታች በኩል ፈፋ አለ። ከጎረቤቷ ጋር የሚለያት ወሰን ከአንድ የወይራ ጉቶ ተነሥቶ፣ 80 ሜትር ያህል ሄዶ፣ አንድ የወሰን ድንጋይ ላይ ያበቃል፤ ያበቃ ነበር ማለት ይሻላል። ድንጋዩን ጎርፍ ይውሰደው ሰው ያንሣው ሳይታወቅ ጠፍቷል። ድንጋዩ ሲጠፋ ክርክር መጣ። ክርክሩን ለመቁረጥ አንድ ለኪ እጅ የምታህል መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ማሳውን ዞረ፤ በየማዕዘኑ ቆሞ ቁልፍ ተጫነ፤ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ በመጣው ወረቀት ላይ ወሰኑ 5 ሜትር ያህል ወደ አክስቴ ጤፍ ገብቶ ተገኘ።

«ስፋቱ እኮ አልጎደለብሽም» አሏት። እውነትም አልጎደለም። ከላይ የተወሰደው ከታች በፈፋው በኩል ተጨምሯል። እሷም «ታዲያ ገደሉን በምን ልረሰው?» ብላ መለሰች። ጎረቤቷ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እሱም መልስ ነበረው፦ «እኔ አላልኩም፤ መሣሪያው ነው ያለው።»

5 ሜትር በ80 ሜትር 400 ካሬ ሜትር ነው። ለከተሜ አንባቢ ይህ ጥሩ የቪላ ቦታ ነው። ለአክስቴ ደግሞ፣ ዓመቱ ከሰመረ፣ ግማሽ ኩንታል ያህል ጤፍ ነው። ለአንዲት መበለት ግማሽ ኩንታል ጤፍ ማለት ክረምቱን ከሰው ደጅ መቆም ወይም አለመቆም ማለት ነው።

እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ እንጂ የቅየሳ ትምህርት የለኝም። ነገር ግን የጎጃምና የመሬት ልኬት ታሪክ ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የኖረ ጉዳይ ነው። አክስቴ የተናገረችው ቃል ከዚህ በፊት በሌላ አፍ፣ በሌላ ዘመን የሰማሁት ይመስለኝ ጀመር።

ቃላድ የሚለውን ቃል የዛሬ ሰው ከታሪክ መጽሐፍ ውጪ አይሰማውም። ቃላድ ገመድ ነው፤ የመሬት መለኪያ ገመድ። ይሁንና በአፄ ምኒልክ ዘመን ገመዱ በሸዋና በደቡብ አገር ሲዘረጋ ስሙ ከገመድነት አልፎ የሥርዓት ስም ሆነ። መሬቱ ተለካ፤ በጋሻ ተቆረሰ፤ ለመንግሥት፣ ለወታደር፣ ለባለሥልጣን ተደለደለ፤ ባላገሩም በብዙ ቦታ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ገመዱ ራሱ ማንንም አልበደለም፤ የተጠመዘዘ ቃጫ ነው። ግን ከገመዱ ጀርባ የመጣውን ያየ ሰው ገመዱን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ጎጃሜው ይህን ከሩቅ አይቷል። እዚህ መሬት የርስት ነበር። ስንት ጋሻ እንደሆነ ሳይሆን የማን ልጅ እንደሆንክ ነበር የሚጠየቀው፤ የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ እስከ አቅኚው አባት ያደረሰ ሰው ድርሻውን ይጠይቃል። እንዲህ ላለ አገር ገመድ ማለት ዘር ቆጠራውን ሽሮ በሌላ ቆጠራ መተካት ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብለው ከፍለው በጋሻ ሲያስከፍሉ፣ ጎጃም እንደ በጌምድርና እንደ ትግራይ ሁሉ አልለካም አለ። መንግሥትም ሳይወድ በግድ በቀደመው ግምት እየገበረ እንዲቀጥል ተወው።

ትልቁ ፍንዳታ የመጣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በጽሑፉ ምርትን እንጂ መሬትን ለካ አይልም፤ ገማቾች ወጥተው የገበሬውን ገቢ እንዲገምቱ ነበር ያዘዘው። ገበሬው ግን የሰማው ሌላ ነው። ሊለኩን ነው፤ ለክተውም ሊወስዱን ነው። ሞጣ፣ ደጋ ዳሞት፣ ቢቸና እየተከታተሉ ሸፈቱ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነገሩን በኃይል ሊያበርዱት ሞክረው አልሆነም። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፤ የተከማቸው የግብር ዕዳም ተማረ። በዘመኑ የነበረ የአዲስ አበባ ምሁር ይህን ሁሉ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ነበር የሚያየው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ገበሬው ያልተቀበለው ቁጥሩን አይደለም፤ ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ ራሱ ሊያጣራው የማይችል መሆኑን ነው።

ለመሆኑ የጎጃም ሰው ፈጽሞ መለካት አይወድም ማለት ነው? አይደለም። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ ገመድ ተጎትቷል። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ገመድ እንደ ጉድ ተዘረጋ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አየሁት። «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉት ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ከጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄደዋል። የዚያን ጊዜው አደላደል ስንቱን ቤት እንደበተነ፣ ስንቱንም ወጣት ባለ መሬት እንዳደረገ መተንተን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እኔ የማስታውሰው ገመዱን ነው። ከቃጫ የተገመደ ነበር። ልጆች ከኋላው እንሮጣለን። ሽማግሌዎች ደግሞ ገመዱን አልነበረም የሚያዩት፤ የገመድ ጎታቹን እጅ ነበር።

ይህን ያኔ አልገባኝም። ቆይቼ ጠይቄ ተረዳሁ። የቃጫ ገመድ ጠዋት ጤዛ ሲጠጣ ያጥራል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ይረዝማል። ጎታቹ ላላ አድርጎ ሊይዘው፣ ወይም አለቅጥ ወጥሮ ሊስበው ይችላል። የገመዱን ጫፍ ከችካሉ ፊት ወይም ከኋላ ማሳረፍም አለ። ገመድ ይዋሻል፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ገመድ በምን በምን እንደሚዋሽ ማሳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል። የሠራው ራሱ ነዋ! ቃጫውን የፋቀው፣ የገመደው፣ በሬውን ያሰረበት እሱ ነው።

በመካከሉ ሌላ ዓይነት ለኪዎችም በዚህ ምድር አልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ድረስ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ቴዎዶላይት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ ተሸክሞ ከተራራ ተራራ እየወጣ አገራችንን ለካ። ከፍታን ለማወቅ ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ይመለከት ነበር። ወንድሙ አርኖ ደግሞ ከጎጃሙ ገዥ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅነት ነበረው። አንቷን አገሩ ገብቶ ሥራውን ለፈረንጅ አንባቢ በትልልቅ ጥራዝ አሳተመ፤ የተለካው አገር ሰው ግን ከዚያ ልኬት አንዲት ቅንጣት አልደረሰውም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ከ1950 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት የመጡ አሜሪካውያን ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በየተራራው አናት መቆጣጠሪያ ነጥብ እየተከሉ ሄዱ። የዚህ ልኬት መነሻ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ የምትገኝ አዲንዳን የምትባል ቦታ ናት። የድሮ ካርታዎቻችን ሁሉ የተሠሩት ከአዲንዳን ተቆጥሮ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። የዛሬው የጂፒኤስ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቆጥረው በሌላ፣ ለዓለም ሁሉ በወጣ አንድ መነሻ ነው። መሣሪያውን በዚያው ትተህ ከአሮጌው ካርታ ላይ ያነበብከውን ቁጥር ብታስገባበት፣ ወይም የመሣሪያውን ቁጥር በካርታው ላይ ብታስቀምጠው፣ ከመቶ ሜትር በላይ ትስታለህ። መሣሪያው አይነግርህም። በመስኮቱ ላይ ቁጥሩን እስከ አሥረኛ ሜትር ድረስ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን ወንዝ ውስጥ ያገባዋል። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። ዝግጁ የሆነ ዕቃ የገዛ ሰው ከዕቃው ጋር የማያውቀውን ሌላ ሰው ውሳኔም አብሮ ይገዛል።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። እሱ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል። ከ2010 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አንድ አባዜ ይዞት ነበር፤ የጂፒኤስ መቀበያ በገዛ እጁ መሥራት። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣለት፣ ከ30 ዶላር የማትበልጥ፣ ለኮምፒዩተር ቴሌቪዥን ማሳያነት የተሠራች አውራ ጣት የምታህል መቀበያ አለችው። ይችው መቀበያ በተገቢው ሶፍትዌር ስትታዘዝ ብዙ ዓይነት ሬዲዮ ታዳምጣለች። አንቴናውን በአሮጌ የምጣድ ክዳን ላይ ለጥፎ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሰቀለው።

«ሞባይልህ ውስጥ አለ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«አለ። ግን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ምንም አልያዘም። ከዚያ አንቴናው ውስጥ ያለችው ማጉያ መብራት እንደምትፈልግ ደረሰበት። 5 ቮልት ሰጣት። አሁንም ጫጫታ ብቻ። ይህ ጫጫታ ነው እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የሚያሰራጩበት ኃይል ከአንድ የቤት አምፑል ብዙ አይበልጥም። መሬት ሲደርስ ድምፃቸው ከተፈጥሮ ጫጫታ በታች ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት ግን የራሱ የሆነ፣ 1,023 ምት ያላት ዜማ አለችው፤ በሴኮንድ አንድ ሺህ ጊዜ ይደጋግማታል። መቀበያው ዜማዋን አስቀድሞ በቃሉ ይዟል። ከጫጫታው ጋር እያስተያየ፣ እያንሸራተተ፣ እስክትገጥም ይፈልጋታል፤ በማርቆስ ገበያ ግርግር መሐል የእናቱን ድምፅ ለይቶ እንደሚያውቅ ሕፃን ማለት ነው። ስትገጥም፣ ዜማዋ ምን ያህል ዘግይታ እንደደረሰች ያውቃል። መዘግየቷ ርቀቱን ትነግረዋለች። የአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ነው። አራት ሳተላይት ከተገኘ ሦስቱ የቦታ፣ አራተኛው የሰዓት ሒሳብ ይፈታል። አራተኛው ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ሳተላይቶቹ የአቶሚክ ሰዓት ሲይዙ የእኛ መቀበያ የያዘው ግን ርካሽ ሰዓት ስለሆነ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ጠጋኙ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቆመ ሰው። የዝግጁ መሣሪያ ባለቤት የሆኑ፣ በመሥሪያ ቤት መኪና ይዘውት የሚዞሩ ብዙ ሰዎችን ጠይቄ ይህን የነገረኝ አላገኘሁም።

አንባቢ እዚህ ላይ «ሳተላይቱ የአሜሪካ፣ ቺፑ የታይዋን፣ ሶፍትዌሩ የስፔን ሰዎች ከሆነ፣ ምኑን ነው ራሱ የሠራው?» ሊለኝ ይችላል። እኔም ጠይቄዋለሁ። ምጣዱን አለኝና ሣቀ። በውጪው ዓለም ግን ከዚህ የራቀ የሄዱ አሉ። ማትያዥ ቪድማር የተባለው የስሎቬንያ የሬዲዮ አማተር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ የአሜሪካውንም የሩሲያውንም ሳተላይት የሚሰማ መቀበያ ከተበታተነ ዕቃ ሠርቶ አሠራሩን ለሁሉም አሳትሟል። የዚያን ጊዜ ዝግጁው መሣሪያ ውድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የወጣችው በእጅ የምትያዝ ማጀላን 3,000 ዶላር ገደማ ታወጣ ነበር። ዛሬ መቀበያው በየኪሳችን አለ፤ በርካሽነት ከሆነ የሚሠራ ሰው ሞኝ ነው።

ክርክሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሚሲዮናውያንን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አስሠሩ፤ ያን ሁሉ ቶን መድፍ ሕዝብ እየጎተተ መቅደላ ላይ አወጣው፤ በጦርነቱ ቀን ግን አልረባም። አፄ ምኒልክ ጠመንጃ ከፈረንጅ ገዙ፤ በገዙት ጠመንጃ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የእኛን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጉ፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ከጎጃሙ ንጉሥ ጋር ተሰልፈው ዓድዋ ላይ ጣሊያንን መቱ። ስለዚህ ግዛ፣ አትሥራ? ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ነው የሚጨርሰው። እኔ ለመጨረስ አልቸኩልም። የተገዛ ጠመንጃ የተገዛ ጥይት ይፈልጋል፤ ጥይቱም የሚመጣው ሻጩ ሲፈቅድ ነው።

በጂፒኤስም ይኸው ታይቷል። ሥርዓቱ የአሜሪካ ጦር ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 የኮርያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገድ ስቶ ሶቪየት ኅብረት ሰማይ ውስጥ ገብቶ ተመትቶ 269 ሰው ሲያልቅ፣ ፕሬዚዳንት ሬጋን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪልም በነጻ ይሰጣል አሉ። ተሰጠ፤ ግን ሆን ተብሎ ተዛብቶ። ለሕዝብ የሚሰራጨው ድምፅ ቦታን እስከ መቶ ሜትር እንዲያስት ተደርጎ ነበር። ይህ ማዛባት የቆመው በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 መጀመሪያ ነው። ከዚያች ሌሊት በፊት የዓለም ገዢ ሁሉ በገዛው መሣሪያ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ገመዱን ላላ አድርጎ ይዞት ነበር ማለት ነው። ሩሲያ፣ አውሮፓና ቻይና የየራሳቸውን ሳተላይት የሰቀሉት በከንቱ አይደለም።

የጠጋኙ ዘመዴ መቀበያ ኅዳር ላይ ቦታውን አገኘች። በመጀመሪያ ሱቁን ከአስፋልቱ ማዶ 70 ሜትር ርቀት ላይ አደረገችው። እያሻሻለ ሄዶ ወደ 15 ሜትር አወረዳት። ኪሱ ያለችው ሞባይል 4 ሜትር ትላለች። በውድድር ተሸነፈ። ነገር ግን አንድ ቀን ማታ መቀበያዋን ሳያጠፋ ተኛ። ጠዋት የተመዘገበውን በኮምፒዩተር ሲያየው፣ ጣሪያ ላይ የተቸነከረው አንቴና ሌሊቱን ሙሉ ሲንከራተት አድሯል! አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ሰሜን፣ እንደገና ወደ ቦታው። ሳተላይቶቹ ሲወጡና ሲገቡ፣ የሰማዩ የላይኛው አየር ሲለዋወጥ፣ ድምፁ ከቆርቆሮ ነጥሮ ሲመጣ ቦታው ይራመዳል። በቅርብ ጊዜ ውስጥ የተወሰዱ ነጥቦች ግን አንድ ላይ ነው የሚራመዱት። ስለዚህ አንድን ማሳ በአንድ ዙር ብትለካ ስፋቱ ልክ ሆኖ፣ ማሳው ግን እንዳለ ተንሸራትቶ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ሲነግረኝ አክስቴ ገና አልደወለችም ነበር። ስትደውል ግን ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው።

የካቲት ላይ ሄድን። ለኪውን አግኝተን አስረዳነው። ወጣት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቅር ቢለውም ሲቆይ የገዛ መሣሪያውን ጉዳይ ማወቅ ፈለገና አብሮን ወጣ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጎረቤትየውና አክስቴ የወይራውን ጉቶ ከበብነው። ጉቶው ወሰን መሆኑን ሁለቱም ወገን አምኗል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለም። ለኪው መሣሪያውን ጉቶው ላይ አስቀመጠና ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ። በወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ተስተያየ። 4 ሜትር ልዩነት። ጉቶው ወሰን ላይ የለም ማለት ነው!

«ቆዩ» አለ ዘመዴ። «እዚያው ይቀመጥ።»

ጠላ ወጣ። ቆሎ ተቆረጠመ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተነበበ። ቁጥሩ ሌላ ነው፤ አሁን ልዩነቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ 2 ሜትር ሆኗል። መሣሪያውን የነካው ሰው የለም።

ጎረቤትየው ጉቶውን በእግሩ መታ መታ አደረገው። «አባቴ የቆረጠው ወይራ ነው። ዛሬ መሄድ ጀመረ?» አለ። ሁሉም ሣቀ፤ እሱ ግን አልሣቀም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። «መሣሪያው ነው ያለው» ሲል የቆየው ከልቡ ነበርና።

ለኪው ጥሩ ነገር ተናገረ። ይህ መሣሪያ መኪና ለመንዳት፣ ጫካ ለመዞር የታሰበ ነው፤ ለአንድ ጥማድ ማሳ ወሰን አይበቃም አለ። ሒሳቡን መሬት ላይ በዱላ ሠራነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፤ 50 ሜትር በ50 ሜትር እንበል። እያንዳንዱ ጎን በግራም በቀኝም 3 ሜትር ወደ ውጪ ቢሳሳት 56 በ56፣ ማለትም 3,136 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከእውነቱ በሩብ የበለጠ። ወደ ውስጥ ቢሳሳት 1,936። ለዚህ ዓይነት ሥራ ሁለት መቀበያ ያስፈልጋል፤ አንዱ በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ የሰማዩን ስሕተት ሲከታተል ሌላው የሚለካበት። እንዲህ ያሉ፣ በሴንቲ ሜትር የሚለኩ ዝግጁ መሣሪያዎች አሉ፤ ግን ለአክስቴ መንደር አልደረሱም። በክልሉ በኋላ የመጣው የይዞታ ምዝገባ ወሰንን በአየር ፎቶግራፍ ላይ ባለይዞታዎቹ ቆመው እያሳዩ እንዲሰመር ማድረጉ ከዚህ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሰውየው ጎድጓዳውንም ዛፉንም በፎቶው ላይ ለይቶ ጣቱን ማሳረፍ ይችላልና።

ወሰኑስ? ከሽማግሌዎቹ አንዱ በ1989 ገመድ ጎታች ነበር። በልጅነቴ እጁን ሲያዩት ከነበሩት ሰዎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ከመንገዱ ዳር ያለውን ቋጥኝ አሳየን። «ከዚህ ሁለት ገመድ ነው ድንጋዩን የተከልን» አለ። ገመዱ 25 ሜትር እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል። ለኪው የብረት ሜትሩን አወጣ። አክስቴ እንቢ አለች፤ ገመድ ይምጣ። ገመዱ በሜትሩ ተለክቶ 25 ላይ ተቋጠረ፤ አንዱን ጫፍ ጎረቤትየው፣ ሌላውን እሷ ያዙት። የመበለት እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ግን ገመዱ አልላላም። ሁለት ጊዜ ተዘረጋ። የድንጋዩ ቦታ ተገኘ፤ ከጉቶው ጋርም መስመሩ ተሰመረ።

መስመሩ ወረቀቱ ካለው 4 ሜትር ወደ ላይ ነው። አክስቴ ታርሰው ከነበረው ግን 1 ሜትር ወደ ታች። ለዓመታት ሞፈሩ ቀስ በቀስ ወደ ጎረቤት እየገፋ ኖሯል ማለት ነው። ዝም አልን። እሷ ግን ገመዱን እየጠቀለለች «አንዷን ሜትር ይውሰዳት፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች።

አዲስ ድንጋይ ተተከለ። ለኪው የተስማሙበትን በወረቀት አስፍሮ፣ ሁለቱም አሻራቸውን አድርገው ወሰደው።

የዘመዴ መቀበያ አሁንም ሱቁ ጣሪያ ላይ ከነምጣዱ ተሰቅላለች። ቦታ ለማወቅ ማንም አይጠይቃትም፤ ሱቁ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ከሳተላይቶቹ የምትቀዳውን ሰዓት ግን በመስኮቱ በኩል በቀይ ቁጥር እንድታሳይ አድርጓታል። የመናኸሪያ ሾፌሮች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት እሷን እያዩ ነው።